ከራዲዮ ጋር የተጣላች መምህርት

ባለፈው ሳምንት ሙሉነሽን ቀበርናት። ቀብሯ ላይ አንድ ኮት የለበሰ ጎረምሳ ወረቀት ዘርግቶ የሕይወት ታሪኳን አነበበ። «በጠባያቸው ጭምት፣ ጸጥተኛ፣ ድምፃቸው የማይሰማ…» ሲል የተበላሸው የኔ ጆሮ ነው ወይስ ልጁ ብዬ የጎረቤቴን ክንድ ያዝኩ። ጆሮዬን የምጠረጥረው በምክንያት ነው፤ ግራው ከሄደ ቆይቷል፣ ቀኙም ሊከተለው ጓዙን እየሸከፈ ነው። ጎረቤቴ ግን በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። ልክ ሰምቻለሁ። ሙሉነሽን ጸጥተኛ አሏት።

እኔ ቁጣ የሚያምርበት ሰው አይደለሁም። ስቆጣ ሰው ሠራሽ ጥርሴ ከድዴ ይለቃል። እዚያ ቆሜ አፌን ብከፍት ከእሷ ቀድሞ ጉድጓድ የሚገባው ጥርሴ ነበር። ስለዚህ ከንፈሬን ነክሼ አፈር አልብሼ መጣሁ። አሁን በወረቀት እናገራለሁ፤ ወረቀት ጥርስ አይፈልግም።

ሙሉነሽ ጸጥተኛ አልነበረችም። ጸጥ ያሰኟት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ለየቅል ነው። የዕድሜዋን ግማሽ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጣ ለሌላ መምህር ጠመኔ ስታድል የኖረችው ወድዳ አይደለም። ከክፍል አወጧት፤ ዳግመኛም አልመለሷትም። ያ ጎረምሳ ያነበበው ወረቀት ይህንን «በልዩ ልዩ የሥራ መደቦች አገልግለዋል» ብሎ አለፈው።

«እርሳቸው» ማለቱንም አልወደድኩትም። ድሬዳዋ «እርስዎ» የሚባል ነገር አታውቅም። እዚህ ሕፃን አያቱን «አንተ» ይላል፣ አያትየውም «አቤት» ብሎ ይመጣል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ለእስር ያበቃ ነገር ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ገና ማለቁ ነበር፤ ባቡር ባፏጨ ቁጥር ሰው ቀና ይላል። እኔና ሙሉነሽ ደቻቱ ዳር ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እናስተምራለን። ደቻቱ ወንዝ ነው ይባላል እንጂ አሸዋ ነው፤ ውኃ የሚመጣበት ሰው ሊወስድ ብቻ ነው። የእሷንና የኔን ክፍል የሚለየው አንድ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው፤ እሱም ጣሪያው ሳይደርስ ደክሞት የቆመ።

በዚያን ጊዜ ትምህርት በራዲዮ ይሰጥ ነበር። አዲስ አበባ ያለ መምህር ይናገራል፣ የአገሩ ልጅ ሁሉ በየክፍሉ ተቀምጦ ያዳምጣል። ፕሮግራሙ በሰዓቱ ይጀምራል፣ በሰዓቱ ያልቃል። አይጠብቅም፣ አይደግምም። የክፍሉ መምህር ሥራ ራዲዮውን ከፍቶ ልጆቹን ጸጥ ማሰኘት ነው። ለኔ ይህ ከሰማይ የወረደ በረከት ነበር። ራዲዮውን ከፍቼ ወንበሬን ግድግዳ አስደግፌ እተኛለሁ። መንግሥት ለእንቅልፍ ደመወዝ የከፈለው ለኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ተማሪዎቼም እንደ መምህራቸው ነበሩ፤ ክፍላችን ለትምህርት ቤቱ ሁሉ የጸጥታ ምሳሌ ተብሎ ተመስግኗል።

ሙሉነሽ «ጋሽ ሽልብታ» ትለኝ ነበር። ሳንኮራፋ በኮምፔንሳቶው አናት ጠመኔ ትወረውርብኛለች። ዒላማዋ አይስትም፤ ራሰ በራነቴ የጀመረው እሷ በምትመታበት ቦታ ነው ብዬ እስከ ዛሬ እምላለሁ።

የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት። አባቷ ከፈረንሳዮቹ ጋር ሲሠራ የለቃቀማትን ጥቂት ቃል ለልጁ አውርሷታል። ቀጭን፣ ጠይም፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንደ ገመድ የምታጠብቅ፣ ጠመኔዋን እንደ አናጢ እርሳስ ጆሮዋ ላይ የምትሰካ ሴት። ስትናደድ የቀኝ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ትይዛለች። ማንንም መታ አታውቅም፤ ግን ጫማው ከእግሯ ሲወጣ ርዕሰ መምህሩ ሳይቀር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።

የተጣላችው ከራዲዮው ጋር ነው። የራዲዮው መምህር ድምፁ ማር ነው፣ ክፋት የለበትም። ጥያቄ ይጠይቅና ልጆቹ እንዲመልሱ ትንሽ ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ ከማስነጠስ ታጥራለች። ከዚያ «በጣም ጥሩ፣ ጎበዞች» ይልና ያልፋል። ማን መለሰ፣ ማን አልመለሰ፣ ምን ገዶት። እኛ ዘንድ ደግሞ አንዱ ልጅ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ሌላው ሶማሊኛ፣ ሌላው አደርኛ ይናገራል። ጥያቄው አማርኛውን ተሻግሮ ልጁ ልብ እስኪደርስ ሰውዬው ሌላ ጥያቄ ጠይቆ፣ ራሱ መልሶ፣ ራሱን አመስግኖ ጨርሷል።

ሌሎቻችን ይህን የተፈጥሮ ሕግ አድርገን ተቀብለነው ነበር። እሷ ግን ራዲዮው ላይ ጮኸችበት። «ኤኩቴ» ትለዋለች፤ በአባቷ ፈረንሳይኛ «ስማ» ማለት ነው። ስማ የምትለው ልጆቹን አይደለም፣ ራዲዮውን ነው። ጀርባውን እንደ ፍየል ትመታዋለች። ከጅቡቲ በኩል ዘፈን ጣልቃ ሲገባበት ደግሞ «አየህ፣ አንተም እንደኔ ልጆች ሶማሊኛ ትችላለህ፤ ምን ያኮራሃል» ትለዋለች።

ስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም እችል ነበር። እሷ መላ አበጀች። ልጆቹን በረድፍ ከፈለቻቸው። አንዱ ረድፍ ጆሮ ነው፣ ሰውዬው ያለውን ይቀልባል። አንዱ ምላስ ነው፣ የተቀለበውን በኦሮምኛም በሶማሊኛም ለጓደኛው ያቀብላል። አንዱ እጅ ነው፣ የሰማውን ሰሌዳ ላይ ይሥላል ወይም በጠጠር ይደረድራል። በነጋታው ይለዋወጣሉ፤ ትናንት ጆሮ የነበረ ዛሬ ምላስ ይሆናል። ሰውዬው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ድምፁን ትቀንስና «ምን ሊል ነው?» ትላቸዋለች። ሁሉም ይገምታል። ከዚያ ድምፁን ትለቀዋለች። ልጅ የገመተውን ነገር ከራዲዮ ሲሰማ ያለውን ጩኸት ያልሰማ፣ ትምህርት ምን እንደሆነ አያውቅም። እኔ በደንብ አውቃለሁ፤ ስንቴ ከእንቅልፌ ቀስቅሶኛል።

ስም የምትጠራው ትምህርቱ ሲጀመር ሳይሆን ሲያልቅ ነበር። በዚያ ሰዓት ውስጥ አንድ ቃል ያልተነፈሰ ልጅ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ «ቀሪ» ይባላል። «ዝም ያለ ልጅ አልመጣም» ነው የምትለው። በእሷ ሕግ እኔ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ ቀሪ ነኝ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት የጠላችውን ያህል ጠላት የላትም። አንዴ ርዕሰ መምህሩ ይህንኑ ቢተርትባት «እህል መሰለህ እንዴ የማይነቅዘው? ጭንቅላት ዝም ሲል ነው የሚነቅዘው» አለችው። ጫማዋ እግሯ ላይ ስለነበረ ሳቀ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መንግሥት ተለውጦ እኔ ጡረታ ልወጣ ስል፣ አዳራሽ ሰበሰቡንና «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» የሚባል ነገር በውሎ አበል አሠለጠኑን። አሠልጣኙ ተማሪውን በቡድን ክፈሉ፣ አስገምቱ፣ አናግሩ አለን። እጄን አውጥቼ ይህን ያደረገች አንዲት ሴት አውቃለሁ፣ አሁን እናንተ የምትጽፉበትን ወረቀት ቆጥራ ያስረከበቻችሁ እሷ ናት አልኩ። አሠልጣኙ «በጣም ጥሩ አስተያየት» ብሎ አለፈ። የኮሮና ጊዜ ደግሞ የልጅ ልጄ በስልክ ስትማር አጠገቧ ተቀመጥኩ። የመምህሩ የመጀመሪያ ቃል «ሁላችሁም ድምፃችሁን ዝጉ» ነበር። ከዚያ ለራሱ ሲያወራ ዋለ። ስልኩን ልወረውረው ስል የልጅ ልጄ ዋጋውን ነገረችኝና ተውኩት። በቁጣዬ ርካሽ ነገር ብቻ ነው የምሰብረው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሙሉነሽ ክፍል ሃዋ የምትባል ልጅ ነበረች። ከዋሂል በኩል ነው የመጡት፤ አባቷ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ሸክም ይሸከማል። ሶማሊኛ ተናጋሪ ናቸው። በዚያን ሰሞን ሶማሊኛ የሚናገር ሰው «ሰርጎ ገብ» ለመባል አንድ ጠቋሚ ብቻ ነበር የሚቀረው። የደርግ ሰዎች ሲያሻቸው እንዲህ ያለውን ሰው ከገበያ መሐል አንሥተው ይወስዱታል፣ ሚስቱ ምሳ ይዛ ስትመጣ ሸክሙ ብቻውን ቆሞ ታገኘዋለች። የሃዋ አባት ቤቱ ውስጥ እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው ይባላል። ልጅቱም ከአባቷ የተማረችው ይህንኑ ነው። ትምህርት ቤት ከገባች ድምፅዋን የሰማ የለም። ሙሉነሽ ስም ስትጠራ ሃዋን በየቀኑ «ቀሪ» ትላታለች፣ ሃዋም በየቀኑ አንገቷን ደፍታ ትቀበላለች።

አንድ ቀን የራዲዮው መምህር ስለ አየር ጠባይ ሊያስተምር ተነሣ። «ልጆች፣ ዛሬ ጧት ከቤት ስትወጡ ጭጋግ አያችሁ?» ብሎ ዝም አለ። ድሬዳዋ ላይ፣ በግንቦት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር። ባትሪው እንኳ አልቦት ነበር። የሙሉነሽ ልጆች በአንድ ድምፅ «አላየንም» አሉ። ሰውዬው «በጣም ጥሩ፣ ጎበዞች። እንግዲህ እንዳያችሁት ጭጋግ…» ብሎ ቀጠለ።

ያን ጊዜ ነው አንድ ቀጭን ድምፅ፣ በንዴት የተንቀጠቀጠ፣ «ምኑን ሰምተህ?» ያለው።

ሃዋ ነበረች። እኔ በኮምፔንሳቶው ማዶ ዓይኔን ገለጥኩ። ሙሉነሽ የራዲዮውን ድምፅ ዘጋችው። «እስቲ ድገሚው» አለቻት፤ «ጮክ በዪ፤ እሱ አልሰማሽም።» ልጅቱ ደገመችው። ክፍሉ ሁሉ ተከተላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው «ጎበዞች» ባለ ቁጥር የነሱ መልስ ይኸው ሆነ።

ግን በሳቅ አልተወችውም። «እሺ፣ ጭጋግ የለንም። ምን አለን?» አለች። አንዱ የደቻቱ አቧራ አለ፣ አንዱ የባቡሩ ጭስ አለ። ሃዋ ደግሞ፣ አንዴ የተከፈተ አፍ መዝጋት አቅቷት፣ ዋሂል ላይ ጎሕ ሲቀድ ግመሎች ሲነዱ አቧራው እግራቸውን ይሸፍነዋል፣ ያኔ ግመሎቹ የሚዋኙ ይመስላሉ አለች። ግማሹን በሶማሊኛ ነው ያለችው፤ የምላስ ረድፍ አቀበለው። ሙሉነሽ «በቃ፣ ይኸው ጭጋግ» አለች። ከዚያ ራዲዮውን ስትከፍተው ሰውዬው የሚያወራው ሁሉ ገባቸው። ያን ቀን ስም ሲጠራ ሃዋ «አለሁ» አለች።

እንግዲህ የተበሳጨሁበት ቀን ይመጣል።

በዓል ነበር። የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ በዚያ ዘመን የሚጠፋው ዳቦ እንጂ በዓል አልነበረም። አንድ ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ የሚያደርጉትን ንግግር እንድንሰማ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ፀሐይ ላይ ተሰለፈ። ከቀበሌ የመጣ ድምፅ ማጉያ ራዲዮው አፍ ላይ ተደቀነ። የቀበሌው ሊቀመንበር ካኪውን ለብሶ ፊት ለፊት ቆመ፤ ከደጋ አገር ተሹሞ ከመጣ ገና መንፈቁ ነው፤ ሙቀቱም ሰዉም አልተስማማውም። ንግግሩ ረዘመ። እኔ ቆሞ መተኛት የተማርኩት ያን ቀን ነው፤ ከኔ በፊት ይህን የሚችለው የጋሪ ፈረስ ብቻ ነበር።

ተናጋሪው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የሰፊውን ሕዝብ ድምፅ ሰምተናል» አሉ። ከዚያም ጭብጨባ ሲጠብቁ ዝም አሉ።

የሙሉነሽ ልጆች ራዲዮ ጠይቆ ወይም አመስግኖ ዝም ሲል ተራው የማን እንደሆነ ያውቃሉ። መጀመሪያ አንዲት ቀጭን ድምፅ ወጣች። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ፣ ከዚያም በረፍት ሰዓት የለመዱት የሌሎች ክፍል ልጆች፣ ያ ሁሉ ሕፃን በአንድ ድምፅ «ምኑን ሰምተህ?» አለ። በዚያው ቅጽበት ከራዲዮው ውስጥ የአዲስ አበባ ሰው ጭብጨባ ፈነዳ። ለጥያቄው ያጨበጨበ ነው የሚመስለው። የኛ ርዕሰ መምህር ግራ ገብቶት ብቻውን አጨበጨበ፣ ወዲያው እጁን ኪሱ ከተተ።

ከሰዓት በኋላ መምህራኑን ሰበሰቡን። ሊቀመንበሩ ሁለት ክስ ይዞ ነው የመጣው። አንደኛ፣ አብዮቱ አይጠየቅም። ሁለተኛውን ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። «አንተ አሏቸው» አለ። «ምኑን ‘ሰምተህ’? አንተ?»

ሙሉነሽ ድሬዳዋ ሁሉንም «አንተ» እንደምትል ነገረችው። አልሰማም። «እግዜርንስ ስንለምን ‘አንተ’ አይደል የምንለው?» አለችው። ሰውየው አፉን ከፍቶ ቀረ። ካድሬ ነውና እግዜር ከባለሥልጣን ይበልጣል ማለት አይችልም፤ ያንሳል ለማለት ደግሞ እናቱ ያሳደገችው ሆዱ አልፈቀደለትም። «እዚህ ስብሰባ ላይ የእግዜር ስም አይነሣ» ብሎ ጠረጴዛ መታ። ሳቅ ያመለጠው ሰው ነበር። እኔ ነኝ።

ሳቄ ውድ ሆነብኝ፤ ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞረ። መጀመሪያ የጀመረችውን ልጅ ስም ፈለገ። ድምፁ የሴት ልጅ እንደሆነ ለይቷል። «አንተ አጠገባቸው ነው የቆምከው፤ ማናት?» አለኝ።

«ተኝቼ ነበር» አልኩ።

«ቆመህ?»

«ቆሜ።»

ሙሉነሽ «እውነቱን ነው፤ ሌላ ጊዜም ያው ነው» አለች። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ዳንኩ። በሕይወቴ እንቅልፌ ለሰው የጠቀመው ያን ቀን ብቻ ነው።

ግን ሰውየው አልለቀቀም። ልጅቱ ስም አላት፣ አባት አላት፣ ይህን ያስጠናት ሰው አለ አለ። የሃዋ ስም ከወጣ አባቷ ያችኑ ማታ ከቀፊራ እንደሚነሣ ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ እናውቃለን። ርዕሰ መምህሩ ላቡን ይጠርጋል። ያኔ ሊቀመንበሩ ለሙሉነሽ በለሰለሰ ድምፅ መንገድ አሳያት። ወይ የልጅቱን ስም ትነግረዋለች። ወይ ነገ ጧት ሰልፍ ላይ ወጥታ ልጆቹን «ራዲዮ ሲናገር ይደመጣል እንጂ አይመለስለትም» ትላቸዋለች፤ እነሱም ይደግሙላታል። ከዚያ ነገሩ ይዘጋል፣ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች።

ይህን ነው እኔ የማልረሳው። ጫማዋን አላወለቀችም። አልጮኸችም። ምናልባት ያ ጎረምሳ ጸጥተኛ ያላት ይህችን ሰዓት ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር።

«እንደዚያ ብያቸው ስመለስ ምን ላስተምራቸው?» አለችው።

«ስሟን ንገሪኛ።»

«እኔ ክፍል ውስጥ የወጣ ድምፅ ሁሉ የኔ ነው። የኔን ስም ጻፍ።»

ጻፈ። በር ላይ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ቆመው ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና መሐላቸው ገብታ ወጣች። የሃዋ ስም ከማንም አፍ አልወጣም። አባቷም ቀፊራ ላይ ሸክሙን መሸከሙን ቀጠለ።

በነጋታው ኮምፔንሳቶውን ነቅለው የእሷን ልጆች ከኔዎቹ ጋር ቀላቀሉልኝ። ለትምህርት ቤቱ የጸጥታ ምሳሌ እኔ ነበርኩ እኮ። ራዲዮውን ከፈትኩ። ሰውዬው ጠየቀና ዝም አለ። ማንም አልመለሰም። «ጎበዞች» አለ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ያቺ ከማስነጠስ የምታጥር የነበረች ዝምታ አላልቅ አለች። ልጆቹ እጃቸውን አጣምረው ያዩኛል፤ ሃዋ ሻሿን አፏ ላይ ጠምጥማዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንዲያ ያለ ንዴት ገጥሞኝ አያውቅም፤ ንዴቴን የማወጣበት ሰው ደግሞ የለም፤ ሁሉም መሣሪያ ይዟል።

ሙሉነሽን ያሰሯት ከአንድ የግሪክ ነጋዴ በተወረሰ ቪላ፣ ጋራዡ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ምግብ ሠርታ ሰጠችኝና ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው ሳንቡሳውን አንድ በአንድ በስንጥር ወጋው፤ ውስጡ ምስር ብቻ ነው፣ ጥይት ቢገኝበት ኖሮ ሥጋ እንለው ነበር። በሩ ላይ ባለ የብረት ፍርግርግ ብቅ አለች። ከስታለች። ስለ ራሷ አንድ ቃል አላለችም።

«ልጆቹ ያወራሉ?» አለችኝ።

«ዝም ብለዋል።»

«ሃዋስ?»

«እሷማ ጭራሽ።»

ጎንበስ አለች፤ ጫማዋን ልታወልቅ ነው። ጫማ አልነበራትም፤ ቀምተዋታል። ባዶ እግሯን አየችና ቀና አለች። «አንተስ ምን ታደርጋለህ?»

ምን ላድርግ፣ ፈርተዋል፣ እኔም ፈርቻለሁ አልኳት። አልሰማችኝም፣ ታስባለች። ከዚያ የፈራ ልጅ ትክክለኛ መልስ አውቆም አይናገርም፣ ስሕተት ሲሰማ ግን ምላሱ አያስችለውም አለችኝ። «ተሳሳትላቸው» አለች።

«እንዴት አድርጌ?»

«አቦ፣ ምን ትጠይቀኛለህ፤ ለዚህ እኮ ነው የተፈጠርከው።»

በነጋታው ቆምኩ። ራዲዮ እየተናገረ ስቆም ያዩኝ ልጆች ደነገጡ፤ የታመምኩ መሰላቸው። ሰውዬው «ፀሐይ በየት በኩል ትወጣለች?» ሲል ቀደም ብዬ «በሁርሶ» አልኩ። ድሬዳዋ ያደገ ልጅ ሁሉ ፀሐይ በሁርሶ በኩል እንደምትጠልቅ ያውቃል። ራዲዮው «በጣም ጥሩ፣ ጎበዞች» አለኝ። አንዳንዱ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከንፈር ተነከሰ። ድምፅ ግን አልወጣም። ሰውዬው እንቁላል ስለሚጥሉ እንስሳት ማውራት ጀመረና አንዱን እንድንጠራለት ጠየቀን። ደረቴን ነፍቼ «ግመል» አልኩ።

«በጣም ጥሩ» አለኝ ራዲዮው።

ሃዋ ሻሿን ወደ ታች ሳበችው። በሩን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ቲቸር» አለች ቀስ ብላ፣ «ተሳስተሃል።»

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ወደ ጋራዡ የሄድኩት በሩጫ ነው፤ ሆዴ ከኋላ ቀርቶ ጠራኝ። ምግብም አልያዝኩ። ዘበኛውን አባብዬ ፍርግርጉ ላይ ተለጠፍኩና ሁሉንም አወራሁላት። ግመሉ ጋ ስደርስ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ሃዋ ያለችውን ስነግራት ሳቋ ቆመ።

«ከዚያስ?» አለች።

«ደስታዬን አልቻልኩም፤ ጎበዝ አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደወል ተደወለ።»

ፊቷ ጠቆረ። የታሰረችው እሷ፣ የምደሰተው እኔ፣ የተቆጣችው እሷ። «ከየት እንዳወቀች ጠየቅካት? ግመል ስትወልድ አይታ እንደሆነ ጠየቅካት?»

«አልጠየቅኳትም።»

«እና እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። «ሂድ ጠይቃት።»

በነጋታው ጠየቅኳት። ሃዋ ተነሥታ ቆመች። አይታለች። ዋሂል፣ አባቷ ግመል ሲያዋልድ ገመዱን የያዘችው እሷ ናት። ግልገሉ ሲወድቅ እናቱ ምን እንደምታደርግ፣ ቆሞ ለመሄድ ስንት ጊዜ እንደሚወድቅ፣ ሽታውን፣ አባቷ ለግመሏ የሚዘፍንላትን ሁሉ ተናገረች። ቃል ሲያጥራት ሌሎቹ አቀበሏት። አንዱ ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ ሣለላት፤ አንገቱ አልመሰለኝም ብላ አስጠፋችው። ራዲዮውን ሳልከፍተው ዋልኩ።

ያን ቀን ያችን ልጅ ተቀምጦ መስማት የሚገባው አንድ ሰው ነበር። ያን ሰው ጋራዥ ውስጥ ቆልፈውታል። ከዚያም በኋላ ሲፈቱት ግምጃ ቤት ነው ያስገቡት፤ ሃዋ ስትናገር አንድ ቀን እንኳ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሳይሰማ ቀረ። ብዙ ነገር ይቅር ያልኩ ሽማግሌ ነኝ፤ ይህንን ግን ይቅር አልልም።